በሐይቁ ዳር መሪ ማን ነው?

አንባብያን ሆይ፤ ከእንጅባራ አቅራቢያ፥ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው ጎዳና አጠገብ፥ የምድር እሳት ፈንድቶ የከፈተውን ጕድጓድ ውሃ ሞልቶት ዘንገና ሐይቅ ተብሎአል። ዙሪያውንም ደን ከቦታል።

ከዕለታት አንድ ቀን ተማሪዎቻችንን አስከትለን ዳርቻውን በእግር ዞርን። የሐይቁን አፈጣጠር በሚገባ አስረዳን። ነገር ግን አንድ ሕፃን ከትልቅ ዛፍ ሥር ቆሞ፥ «መምህር፥ ይህ ዛፍ ማን ይባላል?» ቢለን መልስ አጣን። በዚያ ከብት የሚጠብቅ ብላቴና፥ «ጥቁር እንጨት ነው» አለ። ቅርፊቱ በባሕር ማዶ ለመድኃኒት የሚፈለገው ዛፍ ነበር። አፈርን፤ ብላቴናውንም መሪ አድርገን ጉዞአችንን ቀጠልን።

በጣና ዳር ዘጌን የጎበኘ የመሪን ጥቅም ያውቃል። ከጀልባ ወርዶ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሲያቀና፥ መሪው በዛፎች ጥላ የበቀለውን ቡና ያሳየዋል፤ ቡናው፥ ጌሾውና ሎሚው ከአቡነ በትረ ማርያም በትር በቀሉ የሚለውን ትውፊት ይተርክለታል፤ በዚያ በሬ ጠምዶ ማረስ ክልክል እንደ ሆነ ይነግረዋል። ይህ ትእዛዝ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ደኑን ጠብቆ አቆየው። የጣና አካባቢም በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዘገበ።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፤ ልጁ ስሙን ያላወቀውን ዛፍ መጥረቢያ ሲነሣበት እንዴት ይከራከርለታል? ከቅዳሴ በኋላ በደብራችሁ ቅጽር ካሉት ዛፎች ጀምራችሁ ከልጆቻችሁ ጋር ዙሩ፤ የማታውቁትን አያቶችን ጠይቁ። እኛም ከዚያ ቀን ወዲህ የዘንገናን ዛፎች ስም ከተማሪዎቻችን ጋር በደብተር መጻፍ ጀምረናል።