ችግኝ ራሱን እንዲጠብቅ ስለሚያነቃው ቅመም

ችግኝ የምታስተክሉ ሹማምንትና ባለይዞታዎች ሁሉ፤ ዛፍ ከጠላቱ የሚሸሽበት እግር ባይኖረው የሚመክትበት ኃይል በልጡ ውስጥ እንዳለው ልታውቁ ይገባል።

ዕጣን ለቃሚ ግንዱን ሲያቆስለው ሙጫ የሚፈሰው ዛፉ ቁስሉን ሊሸፍን ነው። በኖርዌይ አገር የሚበቅለው ስፕሩስ የሚባለው ቅጠለ መርፌ ዛፍም ጢንዚዛ ቅርፊቱን ሲበሳው እንዲሁ ያደርጋል። ነገር ግን ፍራንቼስኪ፤ ክሬክሊንግና ክርስቲያንሰን የተባሉ ሊቃውንት በ2002 ዓ. ም. በፈረንጅ አቆጣጠር እንዳስታወቁት፤ ግንዱ ሳይቆስል ሜቲል ጃስሞኔት በሚባል ቅመም ቢቀባ፤ ዛፉ ጠላት እንደ መጣበት ሆኖ ለመከላከል ይነሣል። ይህም ቅመም አስቀድሞ በጃስሚን አበባ ዘይት ውስጥ የተገኘ ነው።

አሠራሩም እንዲህ ነው። በልጡ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ጓዳዎች ሻጋታን የሚከላከል ነገር ይዘው ያብጣሉ፤ ቍጥራቸውም ይበዛል። በልጡና በእንጨቱ መካከል ያለው ስስ የዕድገት ድርብ ደግሞ እንጨት ብቻ መሥራቱን ትቶ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የሙጫ ቦዮችን ግንዱን በሚዞር መስመር ያሰልፋል። እንዲህ የተሰናዳውም ዛፍ እንጨትን ሰማያዊ የሚያደርገውን ሻጋታ ካልተቀባው ይልቅ ተቋቁሟል።

ሆኖም ይህ ትጥቅ ያለ ዋጋ አይገኝም። ዛፉ ለቁመቱ የሚያወጣውን ስንቅ ለመከላከያው ስለሚያውለው፤ ቅመሙ ሲበዛ የችግኙ ዕድገት ይቀንሳል። ስለዚህ የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛን በችግኙ ቁመት ብቻ እየለኩ መሸለም ወይም መውቀስ የተገባ አይመስለኝም።

ደግሞም የአገራችን ጥድና ዝግባ ከስፕሩስ በዘር የራቁ ናቸው፤ በእንጨታቸውም እንደርሱ ያለ የሙጫ ቦይ የለም። ከውጭ መጥቶ የተተከለው ፓቱላ ግን የስፕሩስ የቅርብ ዘመድ ነው። እንግዲህ በስፕሩስ የተገኘውን ለሁሉ አንድ አድርጎ ማዘዝ አይገባም። አስቀድሞ በአንድ መደብ ላይ ግማሹን ቀብቶ ግማሹን መተው፤ ከክረምትም በኋላ የሁለቱን ቁመትና በሕይወት የቀሩትን ቈጥሮ መጻፍ ይሻላል።

«ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፤ የዚህ ቅመም ጥቅሙ ጠላት ሳይደርስ ነው። ከቅመሙ ሁሉ የሚቀድመው ግን የችግኙ ልጥ በከብትና በገጀራ እንዳይላጥ ማስጠበቅ ነው፤ ልጡ ከተገፈፈ ቅመሙ የሚያነቃው አይቀርምና።