አፉ ስለ ተሰበረ ሃርድ ዲስክ

ቀድሞ የቤተ ሰብ መዝገብ የሚቀመጠው በሣጥን ነበር። የጋብቻ ውል፥ የኑዛዜ ወረቀት፥ የግብር ደረሰኝ፥ ከወዳጅ የተላከ ደብዳቤ ኹሉ በጨርቅ ተጠቅልሎ በራስጌ ይኖር ነበር። በዛሬ ጊዜ ግን የሚበዛው ከመዳፍ በማይበልጥ ሃርድ ዲስክ ውስጥ ገብቷል፤ ድምፅና ተንቀሳቃሽ ሥዕልም ተጨምሮበታል። ይህም በታላላቆቹ ከተሞች ብቻ የሚታይ አይደለም። ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በሐርቡ ከተማ፥ ልጆቻቸው ለሥራ ወደ ሳውዲ ዐረቢያ የተሻገሩባቸው ወላጆች የልጆቻቸውን የሰርግ ሥዕል የሚያዩት፥ የሞተባቸውንም ሰው ድምፅ የሚሰሙት በዚሁ ዕቃ ነው። ስለዚህ የዲስኩ አፍ፥ ማለት ገመዱ የሚሰካበት ቦታ፥ በተሰበረ ጊዜ በቤቱ ውስጥ እንደ ኹለተኛ ሞት ያለ ሐዘን ይኾናል። ይህ ሐዘን ግን ብዙ ጊዜ ሳይደርስ የሚለቀስ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዲስኩ ሆድ ውስጥ እንደ መስተዋት የለሰለሱ ክብ ሰሌዳዎች አሉ፤ በብዙዎቹ ተንቀሳቃሽ ዲስኮች እነዚህ በየደቂቃው 5400 ጊዜ ይዞራሉ። ጽሕፈቱ የሚገኘው በእነርሱ ላይ በመግነጢስ ኀይል ታትሞ ነው። (የመጀመሪያው ዲስክ በፈረንጆች ዘመን በ1956 በአሜሪካ በአይ ቢ ኤም ኩባንያ ሲወጣ፥ 50 ሰሌዳዎች ይዞ ወደ 5 ሚሊዮን ፊደል ብቻ ይችል ነበር፤ ክብደቱም አንድ ቶን ያህል ነበር።) አፉ ጽሕፈቱ የሚወጣበትና የሚገባበት በር ነው። የማኅደር ማንገቻ ቢበጠስ ዳዊቱ ጠፋ እንደማይባል፥ የዲስክም አፍ ቢሰበር በውስጡ ያለው ጠፋ አይባልም። የሚጠፋው ከተሰበረ በኋላ በሚደረገው ችኮላ ነው።

በሐርቡ በአንድ ቤተ ሰብ የኾነውን እንንገራችሁ። አባትየው ከመሞታቸው በፊት ለልጆቻቸው የሰጡት ምክር በድምፅ ተቀርጾ፥ የቤቱም የይዞታ ወረቀት ፎቶግራፍ ተነሥቶ በአንድ ዲስክ ውስጥ ነበር። የልጅ ልጃቸው ሲሮጥ ገመዱ እግሩን ያዘውና ዲስኩ እንደ ተሰካ ተጎትቶ አፉ ተጣመመ። ታላቁ ልጅ ገመዱን በግድ ሊያስገባ ሞከረ። አጎቱ «ሆዱ ይከፈትና ይታይ» አሉ። ስልክ ጠጋኝ የኾነ ጎረቤት ደግሞ «ፎርማት ቢደረግ ይነሣል» አለ። እናቲቱ የኹሉንም ሰምተው ዲስኩን በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩና፥ «ልጆቼ፥ የሚያውቅ ሰው እስኪገኝ ማንም አይንካው፤ የአባታችሁ ድምፅ ነው» አሉ። ስለ ኮምፒውተር ምንም የማያውቁት እኚህ እመቤት በዚያ ቤት ከነበሩት ኹሉ ይልቅ የተሻለውን ፈረዱ። ኋላ ዲስኩ ወደ ደሴ ተወስዶ በራሱ ሰሌዳ ላይ አዲስ አፍ ተበየደለት፤ ያባትየውም ድምፅ ከነሳሉ ወጣ። የይዞታ ወረቀቱ ፎቶግራፍ ዋናውን ወረቀት አይተካም፤ በፍርድ ቤት የምንሠራ ሰዎች ይህን በየቀኑ እናያለን። ኾኖም ቍጥሩንና ቀኑን ስለሚያሳይ ዋናውን ከመዝገብ ቤት ለማስፈለግ ረድቷቸዋል።

እንግዲህ ይህ በደረሰ ጊዜ አስቀድሞ በሌላ ገመድ ይሞከር። ብዙ ጊዜ የሚሞተው ገመዱ ነውና። አፉ ራሱ ከተነቃነቀ ግን በግድ መሰካት አይገባም፤ የተጣመሙት ቀጫጭን ሽቦዎች ተነካክተው ሰሌዳውን ሊያቃጥሉት ይችላሉ። ኮምፒውተሩ ዲስኩን አግኝቶ «ፎርማት ላድርገው?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ «አይኾንም» ነው። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ቢያሰማ ደግሞ ሕመሙ ከአፉ አልፎ ወደ ሆዱ ገብቷልና ወዲያው ይነቀል።

የላስቲኩን ልብስ መግለጥና የብረቱን ሆድ መክፈት የተለያዩ ናቸው። ኹለተኛው ፈጽሞ በቤት ውስጥ አይደረግም። የሚያነበው ራስ ከሰሌዳው በላይ የሚንሳፈፈው ከጠጕር ውፍረት በብዙ ሺህ እጅ ባነሰ ክፍተት ስለ ኾነ፥ የቦርከና ሸለቆ አቧራ ይቅርና በዐይን የማይታይ ትቢያ ያበላሸዋል።

ልብሱ ሲገለጥ ኹለት ዐይነት ነገር ይገኛል። በአንዳንዱ ውስጥ ያለው ዲስክ ሳታ የሚባል የራሱ ሰፊ አፍ አለው፤ የተሰበረው ከእርሱ ጋር የተጋጠመች የትንሽ ሰሌዳ አፍ ነው። ይህ ቀላል ነው፤ ሰሌዳይቱ ተነቅላ ዲስኩ በሌላ ማቀፊያ ወይም ገመድ ይነበባል። ነገር ግን ሰሌዳይቱን አትጣሉ፤ አንዳንዶቹ ጽሕፈቱን በምስጢር የሚቈልፉ ስለ ኾኑ ያለ እነርሱ የሚነበብ ነገር አይገኝም። በሌላው ዐይነት፥ ለምሳሌ በብዙዎቹ የዌስተርን ዲጂታል ተንቀሳቃሽ ዲስኮች፥ አፉ የተበየደው በዲስኩ በራሱ ሰሌዳ ላይ ነው። ባለቤቱ ምንም የይለፍ ቃል ባያደርግ እንኳ ሰሌዳው ጽሕፈቱን ቈልፎ ይጽፈዋል፤ የዚያኑ ዲስክ ልክ የያዘች ትንሽ ክፍልም አለችበት። ስለዚህ ጠጋኙ «ከሌላ ዲስክ ተመሳሳይ ሰሌዳ ላድርግለት» ቢል አትፍቀዱለት። መበየድ የሚችል ሰው በዚያው ሰሌዳ ላይ አዲስ አፍ ያግባለት።

ዲስኩ በተነበበ ጊዜ ሥዕል እያዩ መደሰት ለኋላ ይቈይ። አስቀድሞ ኹሉም ወደ ሌላ ዲስክ ይገልበጥ፤ በታመመው ላይ አንዳች አዲስ ነገር አይጻፍበት። ለዚህ አብነቱ በወሎ ምድር አለ። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኘው የአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል በፈረንጆች ዘመን በ1280 ወይም በ1281 የተጻፈ ነው። ብራናው ይህን ያህል ዘመን የቈየ ሲኾን፥ በፈረንጆች 1973 በተጀመረው የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ተነሥቶ ቅጂው በአሜሪካ በሚኒሶታ፥ በኮሌጅቪል ተቀምጧል። በዚሁ ሥራ ከ9 ሺህ በላይ የኢትዮጵያ መጻሕፍት ተገልብጠዋል።

የቤተ ሰብም ዲስክ እንዲሁ አንዱ ቅጂ በሐርቡ፥ ሌላው በደሴ ወይም በአዲስ አበባ ባለ ዘመድ እጅ ይኑር። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ ቤቱን ዘግቶ የወጣ ሰው ሣጥኑን ኹሉ ሊሸከም አልቻለም፤ ኹለት ቅጂ በአንድ ሣጥን ማኖርም እንደ አንድ ይቈጠራል። ዲስኩ በዓመት አንድ ጊዜ እየተሰካ ይታይ። ሲነቀልም ገመዱ አይጎተት፤ ከአፉ አጠገብ በጣት ተይዞ ቀጥ ብሎ ይውጣ።