ከመድን በፊት መዝገብ

አክስቴ ከቄስ አያታቸው የወረሱትን አንድ የብር የእጅ መስቀል፣ በማኅደር ያለ የብራና ዳዊት፣ አንድ የቀንድ ዋንጫና በነጠላ ጫፍ የተቋጠሩ 12 የማርትሬዛ ብሮች በአልጋቸው ራስጌ ባለ የእንጨት ሣጥን ያኖሩ ነበር። በዓል በመጣ ቁጥር አውጥተው በጥጥ ይወለውሏቸዋል፤ ከማን ለማን እንደ ተላለፉ ያወጉናል፤ ከዚያም መልሰው ይቆልፉባቸዋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለቅሶ ቤት አድረው ሲመለሱ በሩ ተሰብሮ፣ ሣጥኑም ባዶውን ተከፍቶ ቆያቸው። ዳዊቱ ብቻ፣ ጥራዙ ላልቶ ስለ ነበረ እንዳስጠግነው ለእኔ ሰጥተውኝ ኖሮ፣ ተረፈ።

መርማሪው ከሁሉ አስቀድሞ የጠየቀው መስቀሉ ምን እንደሚመስል ነበር። አክስቴ ጫፎቹ ሦስት ሦስት ቅጠል ያወጡ ናቸው አሉ፤ የበኵር ልጃቸው የለም፣ ዙሪያው አራት ማዕዘን ነው አለ፤ እኔም ከሕፃንነቴ ጀምሮ ስሳለመው የኖርኩትን መስቀል ሳስብ፣ በግንባሬ ላይ ያርፍ የነበረውን ቅዝቃዜ እንጂ ቅርጹን ማስታወስ አቃተኝ። ቤቱ የእሳትና የስርቆት መድን የተገባለት ቢሆንም፣ በውሉ ላይ «የቤት ዕቃ» ከሚል ጥቅል ቃል በቀር ስለ መስቀሉም ሆነ ስለ ብሮቹ የተጻፈ ስላልነበረ፣ የተከፈለው ካሳ ከበሩና ከሣጥኑ ማሠሪያ አላለፈም። በዚህም መድን ሰጪውን ልወቅሰው አልችልም፤ እኛ ባለቤቶቹ ልንገልጸው ያልቻልነውን ንብረት እርሱ በምን ዐይኑ አይቶ ይገምተው ነበር?

«መድን» የሚለው ቃላችን ከግእዙ «ድኅነ» የተገኘ፣ የመድኃኒትና የመድኃኔዓለም የሥጋ ዘመድ ነው፤ ስለዚህም ይመስለኛል፣ ብዙ ሰው ውል ከፈረመና አረቦን ከከፈለ በኋላ ዕቃው የዳነ መስሎት የሚያርፈው። ነገር ግን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕጋችን የንብረት መድንን የካሳ ውል ያደርገዋል፤ ይኸውም የሚከፈለው ገንዘብ አደጋው በደረሰበት ቀን ዕቃው ከሚያወጣው ዋጋ ሊበልጥ አይችልም ማለት ነው። ዋጋውን የሚያስረዳ ሰነድ ከሌለ እንግዲህ ውሉ በምን ላይ ይቆማል? መድን የሚመልሰው ገንዘብን ነው፤ ዕቃውን ራሱን ሊመልስ የሚችለው ግን መዝገብ ነው።

ይህንን አባቶቻችን ከእኛ ይልቅ ያውቁት ነበር። በጥንታውያን አድባራትና ገዳማት የወንጌሉ ባዶ ቅጠሎች የርስት ጽሑፍና የንዋየ ቅድሳት ዝርዝር ይሰፍርባቸው ነበር፤ ስንት መስቀል፣ ስንት ጽና፣ ስንት መጎናጸፊያ እንዳለ፣ ማንስ እንደ ሰጠው እየተጻፈ ቄሰ ገበዙ ሲሻርና ሲሾም ይረካከብበት ነበር። በብዙ የብራና መጻሕፍት ላይ ደግሞ የሰረቀውም የፋቀውም በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ እንዲሆን ግዝት ይጻፋል። ስርቆትና ፍቀት ጎን ለጎን መወገዛቸውን ልብ ይሏል፤ ጽሑፉን ማጥፋት ዕቃውን ከመስረቅ የማያንስ በደል ሆኖ ይቆጠር ነበርና።

በእኛ ዘመንም የታየ ምስክር አለ። 7 ኪሎ ያህል የሚመዝነው የላሊበላው መስቀል አፍሮ አይገባ በ1989 ዓ.ም. ተሰርቆ ከአገር ወጣ፤ በኋላም በአንድ ቤልጅየማዊ ሰብሳቢ እጅ ተገኝቶ በ1993 ዓ.ም. ወደ ደብሩ ተመለሰ። መልኩ በፎቶግራፍ የታወቀ ነበርና የማን ነው ለሚለው ጥያቄ የሚቀርብ ማስረጃ አልታጣም። የአክስቴ መስቀል ግን ነገ በአንድ ሱቅ መስኮት ተሰቅሎ ባየው፣ የእኛ ነው ብዬ የምምልበት አንዳች ነገር የለኝም።

ከዚያ በኋላ ነው የተረፈውን ዳዊት በመስኮት አጠገብ በነጭ ሸማ ላይ አኑሬ፣ ማስመሪያ ከጎኑ አስተኝቼ፣ ከፊት፣ ከኋላ፣ ከጀርባና ከውስጥ ፎቶግራፍ ያነሣሁት። ቁመቱ 17፣ ወርዱ 12 ሳንቲሜትር፤ ገበታው የዋንዛ እንጨት፣ ልባሱ ድጉስ ቆዳ፤ በገጽ 23 መስመር ብዬ ጻፍኩ። ይህ ሁሉ ግን ለብዙ ዳዊት ይስማማል። ይህኛውን ከሌላው የሚለየው፣ ብራናው ሲፋቅ የተበሳች አንዲት ቀዳዳ መኖሯ ነው፤ ጸሐፊው ቃሉን ከፍሎ ግማሹን በግራዋ፣ ግማሹን በቀኟ ጽፎ አልፏታል። በውዳሴ ማርያም መጀመሪያም የጧፍ ጠብታ ያረፈባት፣ እንደ ባቄላ ፍሬ የምታህል ቢጫ ነቍጥ አለች። ስንጥቅ፣ እድፍ፣ የተጠገነ ስፌት፣ ሰው እንደ ነውር ቆጥሮ የሚሸፍነው ጉድለት፣ ለመዝገብ ሲሆን ከጌጡ ሁሉ የበለጠ ምስክር ነው፤ ጌጥ በአምሳሉ ይሠራል፣ ጉድለት ግን አይደገምም።

በዕቃው ላይ የተጻፈውም ቢሆን ዐዋቂ ካልመረመረው ሊያሳስት ይችላል። የማርትሬዛ ብር ሁሉ ማለት ይቻላል እ.ኤ.አ. 1780 የሚል ዓመት ይነበብበታል፤ ነገር ግን ምስላቸው በብሩ ላይ ያለው ንግሥት ካረፉ ከዚያ ዓመት ወዲህ፣ ያው ዓመት እንደ ተቀረጸበት፣ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስና በቦምቤይ ሲመታ ኖሯል። 28 ግራም የሚመዝነው፣ ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር የሆነው አካሉ በሁሉም አንድ ስለ ሆነ፣ አንዱን ከሌላው የሚለዩት በዘውዳቸው ላይ ያሉት እንቍዎችና የትከሻቸው ማያያዣ ጌጥ የመሳሰሉት ናቸው። በሚዛን ብቻ የተገመተና በዐዋቂ የተገመተ አንድ ዋጋ አይኖራቸውም፤ ስለዚህ የገማቹ ጽሑፍ ከቀኑና ከፊርማው ጋር በመዝገቡ ውስጥ መኖር አለበት።

ይህ ከተፈጸመ በኋላ ወደ መድን ሰጪው መሄድ ይገባል። የከበረ ዕቃ በጥቅል ስም ሳይሆን በየራሱ ስምና ዋጋ በውሉ ላይ እንዲዘረዘር፣ ከተቻለም ዋጋው አስቀድሞ በስምምነት እንዲወሰን መጠየቅ ነው። 400,000 ብር የሚያወጣውን ስብስብ አረቦን ለመቀነስ ሲል 100,000 ብር ብቻ ነው ብሎ ያስመዘገበ ሰው፣ 40,000 ብር የሚገመት ጉዳት ቢደርስበት፣ በተለመደው ስሌት የሚያገኘው 10,000 ብር ነው፤ ለሩቡ የከፈለ ሩቡን ይካሳልና። ብል የበላው ብራናና እርጥበት ያበላሸው ልባስም አብዛኛውን ጊዜ ከውሉ ውጭ መሆኑን መርሳት አይገባም፤ ለዚህ መድኑ የባለቤቱ ትጋት ነው።

የመዝገቡ ቅጂ ደግሞ ከቤቱ ውጭ ይኑር፤ ቤትና መዝገብ አብረው ከተቃጠሉ የተጻፈው እንዳልተጻፈ ነው። በ1960ዎቹ ብዙ ሺህ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ሲነሡ አንዱ ቅጂ እዚሁ፣ ሌላው በአሜሪካ ሚኒሶታ እንዲቀመጥ መደረጉ፣ ከዚያም ሊቁ ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን ሰጥተው ዝርዝራቸውን ማዘጋጀታቸው፣ የዚህ ጥበብ ታላቁ አብነት ነው።

መዝገብ መያዝ ሌባና መንግሥትን መጋበዝ ነው የሚሉ ሽማግሌዎች አጋጥመውኛል፤ ፍርሃታቸውንም አልንቅም። ሆኖም የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ እንዲመዘገብና ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ያዝዛል እንጂ በግለሰብ እጅ መኖሩን አይከለክልም። ሌባውም ቢሆን የእኛን ዝርዝር አልጠበቀም፤ ሣጥኑ የት እንዳለ ዐውቆ ነው የመጣው፤ በቃል ብቻ የጠበቅነውን ስለ ወሰደም ትዝታችንን ጭምር ይዞ ሄደ።

አንባቢ ሆይ፣ በቤትህ እንዲህ ያለ ሣጥን ካለ፣ የሚያውቁት ሽማግሌ በሕይወት ሳሉ አጠገባቸው ተቀመጥ፤ ዕቃውን አንድ በአንድ አውጣ፤ ከማን ለማን እንደ ተላለፈ ጠይቅና በስማቸው ጻፈው። አክስቴ ባለፈው ዓመት ዐረፉ። በእጃችን የቀረው አንድ ዳዊትና ስለ እርሱ በእርሳቸው ቃል የተጻፈ አራት ገጽ ነው።