ከመውደቅ የሚታደገው መነጽሩ ወይስ ልምምዱ?

ከእንጦጦ ተራራ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው ቁልቁለቱን የሚወርዱ እናቶች ለአዲስ አበባና ለዙሪያዋ ነዋሪ እንግዳ አይደሉም። ከተራራው ማዶ በሱሉልታ ሜዳ ድርቆሽ የሚከምር አርሶ አደር አለ። በቡራዩና በሰበታ ደግሞ በባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ ቆሞ ግድግዳ የሚለስን የቀን ሠራተኛ አለ። የሁሉም እንጀራ በአንድ ነገር ላይ የተመሠረተ ነው፤ በሰውነት ሚዛን። ሚዛኑን ስቶ የወደቀ ሰው የሚሰበረው አጥንቱ ብቻ አይደለም፤ የቤተሰቡ ገቢም አብሮ ይሰበራል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በዓለም ላይ በየዓመቱ 684 ሺህ ያህል ሰዎች በመውደቅ ምክንያት ሕይወታቸውን ያጣሉ። ከእነዚህ መካከል ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው። ለአደጋው ይበልጥ የተጋለጡት አረጋውያን ናቸው።

ሰው ቀጥ ብሎ የሚቆመው አንጎሉ ከሦስት ወገን የሚደርሰውን መረጃ በቅጽበት ስለሚያቀናብር ነው። ዐይን የአካባቢውን አቀማመጥ ያሳያል፤ የውስጥ ጆሮ የራስን ዘንበል ማለትና መዞር ያሳውቃል፤ የእግር መዳፍ፣ ጡንቻና መገጣጠሚያ ደግሞ መሬቱ ጠንካራ ይሁን ልል፣ ሜዳ ይሁን ዳገት ይናገራሉ። ዕድሜ ሲገፋ፣ የስኳር በሽታ የእግርን ስሜት ሲያደነዝዝ ወይም ዐይን ሲደክም ከሦስቱ አንዱ ይጎድላል፤ ሸክሙም በቀሪዎቹ ላይ ይወድቃል።

የዐይንን ድርሻ ለማወቅ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት ጥናት አንድ ብልሃት አሳይተዋል። ወለሉ ሳይነቃነቅ ግድግዳዎቹ ብቻ የሚንቀሳቀሱ ክፍል አዘጋጅተው፣ መቆም የጀመሩ ሕፃናትን በውስጡ አቆሙ። ግድግዳው ሲንቀሳቀስ ሕፃናቱ ተወዛወዙ፤ የወደቁም ነበሩ። ያ ክፍል ዛሬ በመነጽር ውስጥ ገብቷል። ቨርቹዋል ሪያሊቲ ወይም ምናባዊ እውነታ የሚባለው ቴክኖሎጂ ተመልካቹን በምስል ዓለም ውስጥ ያስገባዋል። ከእግሩ ሥር የሚነጠፍ መለኪያ ሰሌዳ ደግሞ ምስሉ ሲዘነብል ሰውነቱ ምን ያህል እንደተወዛወዘ ይመዘግባል። በዚህ መንገድ ባለሙያው ሰውየው በየትኛው ስሜቱ ላይ አብዝቶ እንደሚደገፍ መለየት ይችላል።

ቴክኖሎጂው ከመለካት አልፎ ለማሠልጠንም ይውላል። እ.ኤ.አ. በ2016 ላንሴት በተሰኘው የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት በአምስት አገሮች የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው ከ60 እስከ 90 ዓመት የሆነና በተደጋጋሚ የወደቁ 302 ሰዎችን አሳትፏል። ግማሾቹ በመሮጫ ማሽን ላይ ብቻ ተራመዱ። ሌሎቹ በዚያው ማሽን ላይ እየተራመዱ በፊት ለፊታቸው ባለው ስክሪን የራሳቸውን እግር እያዩ በምስል የሚመጡ መሰናክሎችን ተሻገሩ። ልምምዱ በሳምንት ሦስት ቀን ለስድስት ሳምንታት ቆየ። በቀጣዮቹ ስድስት ወራት በምስል ታግዘው የሠለጠኑት የወደቁበት መጠን ከሌሎቹ በ42 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

ኦግመንትድ ሪያሊቲ ደግሞ በገሃዱ ዓለም ላይ ምስል ይጨምራል። በፓርኪንሰን ሕመም ምክንያት እግራቸው ድንገት መሬት ላይ ተጣብቆ ለሚቀርባቸው ሰዎች ወለሉ ላይ መስመሮችን ያሳያል፤ ሕመምተኛውም መስመሩን ለመሻገር ሲል እግሩን ያነሳል። ሆኖም ይህንኑ ብልሃት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች መሬት ላይ በተለጠፈ ፕላስተር ወይም በተሰመረ ጠመኔ ሲጠቀሙበት ኖረዋል።

በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ለተጠቃለሉት ለሰበታ፣ ለቡራዩና ለሱሉልታ ትልቁ ቁም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ለገበያ የቀረበው ርካሹ የሜታ ኩባንያ መነጽር ያኔ ዋጋው 299 ዶላር ገደማ ነበር። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ማሻሻያ በኋላ ይህ ገንዘብ ቀረጥና ማጓጓዣ ሳይታሰብ ከ30 ሺህ ብር በላይ ይሆናል። በመነጽሩ ላይ ኤሌክትሪክ፣ መለኪያ ሰሌዳና የሠለጠነ ባለሙያ ያስፈልጋሉ። ተጠቃሚው በመነጽሩ የተነሳ ራሱ ሊዞርበት ስለሚችልም አጠገቡ የሚይዘው ሰው አይታጣም። በምስል ላይ የቆመ ሥልጠና በሰበታ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ለሚማር ልጅ አይሆንም፤ እርሱ ሚዛኑን የሚጠብቀው በውስጥ ጆሮውና በእግሩ መዳፍ ነው።

በግብርናው እንደምናውቀው ምርጥ ዘር ብቻውን ጎተራ አይሞላም። ሠርቶ ማሳያው፣ የልማት ሠራተኛዋና የአርሶ አደሩ ትጋት ናቸው ዘሩን ምርት የሚያደርጉት። የሚዛን ጉዳይም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ከ100 በላይ ጥናቶችን ያጠቃለለ የኮክሬን ግምገማ እንዳረጋገጠው የአካል እንቅስቃሴ ብቻውን የአረጋውያንን መውደቅ በ23 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ይበልጥ አስተማማኝ ውጤት ካሳዩት መካከል ሚዛንን የሚፈትኑ ልምምዶች ይገኛሉ። ከወንበር ደጋግሞ መነሳትና መቀመጥ፣ ግድግዳ ይዞ በአንድ እግር መቆም፣ መሬት ላይ የተጋደመ ዱላን እየተሻገሩ መራመድ ምንም መሣሪያ አይጠይቁም። ከ20 ዓመት በላይ ያስቆጠረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ቤት ለቤት የሚደርስ መዋቅር አለው። ይህ ትምህርት ከእናቶችና ከሕፃናት ጤና ጎን አንድ ገጽ ቢሰጠው ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

ይህ ማለት ቴክኖሎጂው አያስፈልግም ማለት አይደለም። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ባላቸው ሪፈራል ሆስፒታሎች ቢጀመር ለሕክምናም ለምርምርም ይጠቅማል፤ ጥናቱ ከሌላ አገር ሜዳ ይልቅ በእኛ ዳገትና በእኛ ሸክም ላይ እንዲደረግም ያስችላል። ቅደም ተከተሉ ግን ሊዘነጋ አይገባም። መወጣጫ ላይ ለቆመው ሠራተኛ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው የማይነቃነቅ ጣውላ፣ መከለያና የደኅንነት ቀበቶ ነው፤ የትኛውም ሥልጠና የበሰበሰ እንጨትን አያጸናም። ቁልቁለቱን ለምትወርደው እናት ደግሞ የቀለለ ሸክምና የማያዳልጥ ጫማ ይቀድማሉ። መነጽሩ እስኪመጣ ድረስ ያረጋገጠልን እውነት በእጃችን ነው፤ ሚዛን በልምምድ ይጠነክራል። ልምምዱም ዛሬ በየደጃፉ ሊጀመር ይችላል።