ሮዙን ማን መረጠው?

መቼም ጓደኞቻችን «ቀለበት ልናስር ነው» ሲሉን እልል ለማለት አንሰንፍም። ቀለበቱ ባለ ሮዝ ሰንፔር ከሆነ ግን አንድ ጥያቄ አለን፦ ቀለሙን ማን መረጠው? እሷ? እሱ? ወይስ የሱቁ አምፖል?

ሻጮች «ደመቅ ያለው ይሻላል፣ ውዱም እሱ ነው» ይሉናል። ውድነቱስ እውነት ነው። ሰንፔርን ሮዝ የሚያደርገው ክሮሚየም ነው፤ ክሮሚየሙ ሲበዛ ቀለሙ እየቀላ ሄዶ ድንጋዩ ሩቢ ይባላል። ሮዙ የት አልቆ ሩቢው የት እንደሚጀምር ግን ነጋዴዎቹ ራሳቸው አይስማሙም። ታዲያ እነሱ ያልተስማሙበትን ድንበር እኛ ተበድረን የምናሳድደው ለምንድን ነው?

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ1998 በማዳጋስካር፣ ኢላካካ በተባለች መንደር ብዙ ሮዝ ሰንፔር ተገኘ። ከዚያ የሚወጣው ወደ ወይን ጠጅ ካደላ በእቶን ያሞቁታል፤ ሰማያዊው ጥላ ይለቀውና ጥርት ያለ ሮዝ ይሆናል። ማሞቁ ነውር አይደለም፣ የተለመደ ነው። ያሞቁትን ደብቆ ባልሞቀው ዋጋ መሸጥ ግን ማታለል ነው።

ስለዚህ ወንድሞቻችን፣ «ሰርፕራይዙ» ይቅርና ይዛችኋት ሂዱ! ቢጫ አምፖል ሮዝን ያቀላዋል። ድንጋዩን በቀን ብርሃን፣ በራሷ ጣት ላይ ትየው። ፈዘዝ ያለውን ከወደደች ትክክለኛው እሱ ነው። በእቶን ያለፈ መሆን አለመሆኑንም ጠይቁ፤ መልሱን ደረሰኙ ላይ አስጽፉ።

ዕድሜ ልኳን የምታደርገው እሷ እንጂ ሻጩ አይደለም።