ጽድቁ ቀርቶ ደመወዟን በከፈሏት

ዛሬ ኤርፖርት ወረፋው አይንቀሳቀስም፣ ስለዚህ ጽሑፌም ይረዝማል። ቻሉኝ።

ለቅዳሜው የማኅበራችን የእርዳታ እራት የተላከውን ማስታወቂያ አይታችሁታል። ዋናው የጨረታ ዕቃ ባለስም የሴት ቦርሳ ነው። አብሮት ያለው ካርድ «ከሽያጩ የተወሰነው የአፍሪካ ሴቶችን ለማብቃት ይውላል» ይላል። አንድ ወዳጄ ግሩፑ ላይ «ቦርሳም ጽድቅም በአንድ ዋጋ» ብሎ ጻፈ። መጀመሪያ ሳቅሁ፣ ኋላ ግን ንድድ አለኝ።

«የተወሰነው» ማለት ስንት ነው? እኔ ድሮ መሐንዲስ ሳለሁ ፕላን ላይ «የተወሰነ ፌሮ» ብዬ ብጽፍ ፎርማኑ ራሱ ይስቅብኝ ነበር።

የአፍሪካ ሴት ከተነሳች ደግሞ ሀዋሳን እናንሳ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲመረቅ እኔም ከሩቅ ሆኜ ጮቤ ረግጫለሁ። ፍሳሹ ሐይቁን እንዳይበክል ተጣርቶ መልሶ አገልግሎት ላይ የሚውልበት ሥርዓት ተገጥሞለታል፤ እንደ ባለሙያ እስከ ዛሬ አደንቀዋለሁ። ዋነኛው ደንበኛ የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት ፒቪኤች ነበር። ባንግላዴሽ ውስጥ የራና ፕላዛ ሕንፃ ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሰው ካለቀ በኋላ የተሻለ ቦታ ፈልጎ ነው የመጣው፤ ይህን አልክድም።

በ2019 ግን የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የቢዝነስ ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች ስለ ሀዋሳ ሪፖርት አወጡ። መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር። ከልብስ አምራች አገሮች ሁሉ የመጨረሻው። ባንግላዴሽ 95፣ ኬንያ 207። ፋብሪካዎቹ በአማካይ በየዓመቱ ሠራተኞቻቸውን ሙሉ በሙሉ ይቀይሩ ነበር። ልጅቷ ከገጠር ትመጣለች፣ ከጓደኞቿ ጋር አንዲት ክፍል ትከራያለች፣ አልበቃ ሲላት ትታ ትሄዳለች። ለሐይቁ ውኃ ያን ያህል ከተጠበብን ለቤት ኪራይዋ ለምን አልተጠበብንም? ጥፋቱ የፈረንጅ ብቻም አይደለም። ርካሽ ጉልበት አለን ብሎ የጋበዛቸው የራሳችን መንግሥት ነው፣ ለግል ድርጅት ሠራተኛም የደመወዝ ወለል አልነበረም።

አሁን ሂሳብ። በወር 26 የሥራ ቀን ብትይዙ የቀን ክፍያዋ አንድ ዶላር ነው። እጥፍ ይደረግላት እንበል፣ ሌላ አንድ ዶላር ይጨመራል። በቀን የእሷ ድርሻ አሥር ሸሚዝ ብቻ ነው ብለን እንኳ ብናሰላ በአንድ ሸሚዝ ላይ አሥር ሳንቲም መሆኑ ነው። ሌኖክስ ሞል ገብታችሁ ሸሚዙ ላይ የተለጠፈውን ዋጋ እዩና አሥር ሳንቲሟን ፈልጉልኝ።

ልግስና ሲሆን ግን እጃቸው እንዴት ይፈታል! በ2019 ኖትር ዳም ሲቃጠል ከሉዊ ቪቶን ጀርባ ያሉት አርኖዎች 200 ሚሊዮን፣ ከጉቺ ጀርባ ያሉት ፒኖዎች 100 ሚሊዮን ዩሮ ቃል ለመግባት ሁለት ቀን አልፈጀባቸውም። ለራና ፕላዛ ተጎጂዎች ካሳ 30 ሚሊዮን ዶላር ለመሙላት ግን ከአደጋው በኋላ ሁለት ዓመት አልፏል። ከፋዮቹ ሌሎች ኩባንያዎች ናቸው፣ እሺ፤ ገበያው ግን የአጎትና የአክስት ልጆች ገበያ ነው። ደግሞ ስሙን ስሙት፤ ገንዘቡ ሲሰበሰብ «የለጋሾች» ፈንድ ነው የተባለው። ሰው ሥራ ላይ ሞቶ ለቤተሰቡ የሚከፈለው ካሳ ምጽዋት ሆነ።

የግሩፑ ወዳጄ መልስ ይኸው፦ «26 ዶላርም ሲቀር አየን እኮ።» እውነቱን ነው። ፒቪኤች በ2021 መጨረሻ ፋብሪካውን ዘጋ፣ በ2022 መጀመሪያ አጎዋም ተነሳብን፣ ልጆቹ ባዶ እጃቸውን ቀሩ። እኔም ይምጡ አልኩ እንጂ ይውጡ አላልኩም። ግን ልጅቷ በወር አሥር ዶላር እንኳ አስቀምጣ ቢሆን ኖሮ ፋብሪካው ሲዘጋ የመሳፈሪያ ገንዘብ አትለምንም ነበር። ጋላ ላይ የሚጨበጨብለት ቼክ ለእሷ ይህን አያደርግላትም።

ከእኛው ወገን ሊያ ከበደን እዩ። ከ2005 ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅት የእናቶችና የሕፃናት ጤና አምባሳደር ነበረች፣ ልገሳውን ታውቀዋለች። ሆኖም በ2007 ሸማኔዎቻችን ገበያ አጥተው ስታይ ጨርቃቸውን የሚገዛ ለምለም የተባለ ድርጅት አቋቋመች። ልብሱ ውድ ነው፣ የእኔ ኪስ አይደፍረውም። ግን ሸማኔው ሥራውን ሸጦ ነው የሚያገኘው፣ ተለምኖለት አይደለም። እሷንም ቢሆን «ለሸማኔው ስንት?» ብለን ብንጠይቃት ነውር የለውም።

ቅዳሜ እመጣለሁ፣ መዋጮዬንም እከፍላለሁ። ጨረታው ሳይጀመር ግን እጄን አወጣለሁ፤ ቦርሳው የት ተሰፋ፣ ለሰፊዋ ስንት ተከፈላት፣ «የተወሰነው»ስ ስንት ነው? አዘጋጆቹ ከአሁኑ ፈልጋችሁ ጠብቁኝ፣ ኋላ በሰው ፊት አዋረደን እንዳትሉ።