በሩን የቆለፈው መተት አይደለም!

የዛሬው ጨዋታችን ትንሽ ያሽኮረምማል። ታክሲ ውስጥ ከሆናችሁ ጋዜጣውን አጠፍ አድርጋችሁ ያዙት፤ ግን ሳትጨርሱት እንዳትወርዱ። በዚህ ጉዳይ ስንት ትዳር ፈርሷል፣ ስንቷ ሙሽራ አንገቷን ደፍታ ወደ እናቷ ቤት ተመልሳለች። የሚያናድደው ደግሞ ችግሩ የሚድን መሆኑ ነው!

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዲት ሴት ባሏን ትወዳለች፣ ትፈልገዋለችም። ሰዓቱ ሲደርስ ግን በብልቷ መግቢያ ዙሪያ ያሉት ጡንቻዎች ያለ ፈቃዷ ጭብጥ ብለው ይዘጋሉ። ባልየው ግድግዳ የገጠመው ይመስለዋል። እሷን ደግሞ ያቃጥላታል፣ ይቆርጣታል። ሐኪሞች ቫጂኒስመስ ይሉታል። አቧራ ወደ ዓይናችን ሲመጣ የዓይናችን ቆብ ሳያስፈቅደን ይከደን የለ? ልክ እንደዚያ በሉት። ታዲያ ዓይኑን የጨፈነን ሰው «ለምን ጠላኸኝ?» ብሎ የሚቆጣ አለ?

ይህን እንድጽፍ ያደረገችኝ አንዲት የላስታ ልጅ ናት። ከላሊበላ ወዲያ፣ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር፣ ገነተ ማርያም ነው ተወልዳ ያደገችው፤ በአፄ ይኩኖ አምላክ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1270-1285) እንደተፈለፈለ የሚነገርለት ቤተ ክርስቲያን ያለባት አገር። አሁን 23 ዓመቷ ነው። ያገኘኋት እዚሁ አዲስ አበባ፣ ለሕክምና መጥታ አክስቷ ቤት አርፋ ሳለ ነው። ስሟን አልነግራችሁም፣ እናንተም አትጠይቁኝ።

የተዳረችው በ19 ዓመቷ ነው። ልጁን ወዳው እንጂ ተገዳ አይደለም። «የሠርጉ ሌሊት ሚዜዎቹ ከበር ውጭ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፤ እኔ ውስጥ እንደ እንጨት ደርቄያለሁ» አለችኝ። ብር አምባር ይጠበቅባታላ! ሌሊቱ ነጋ፣ ለሽማግሌ የሚታይ ነገር ጠፋ። (በነገራችን ላይ፣ ድንግል ሆና የማትደማ ብዙ ሴት አለች። ደም ምስክር አይሆንም።)

ከዚያ ወሬው ተጀመረ። አማት «ዓይነ ጥላ ነው፣ ልጅቱ ታስራለች» አሉ። ክታብ ተጻፈላት፣ ጠበል ተወሰደች። አንዷ «ጠላ ጠጣ አድርገሽ ግቢ፣ ይፈታሻል» ብላ መከረቻት። ሚዜው ደግሞ ባልየውን «ወንድ አይደለህም እንዴ?» አለው። ወንድነቱ ሲነካ ምን ያድርግ? አንድ ሌሊት በጉልበት ሞከረ።

«ከዚያች ሌሊት ወዲህ፣ እታለም፣ እጁ ትከሻዬን ሲነካኝ እንኳ ሰውነቴ ይቆለፍ ጀመር» አለችኝ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። የበሽታው ቁልፍ ያለው እዚህ ነው። ሰውነት አንዴ ሕመም ከቀመሰ ሁለተኛውን ይጠብቃል። ሲጠብቅ ይኮማተራል፣ ሲኮማተር የበለጠ ያማል፣ ሲያም ፍርሃቱ ይጨምራል። ጉልበት ይህን አዙሪት ያጠብቀዋል እንጂ አይበጥሰውም። የ1996ቱ የወንጀል ሕጋችን አስገድዶ መድፈርን የሚደነግገው ከጋብቻ ውጭ ለሚፈጸመው ነው። ሕጉ ዝም አለ ማለት ግን የሚስት ሰውነት አይቆስልም ማለት አይደለም።

ለመሆኑ ከምን ይመጣል? አንድ መልስ የለውም። ስለ ራሷ ሰውነት «ነውር ነው» ከሚል ቃል በቀር ምንም ሳትሰማ ያደገች ልጅ አለች። የተደፈረች አለች። የግርዛት ጠባሳ ያለባት አለች፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶቻችን 65 በመቶዎቹ የተገረዙ ነበሩ። በወሊድ፣ በኢንፌክሽን ወይም በቀዶ ሕክምና ሰበብ፣ ደህና ኖራ ኖራ በኋላ የሚጀምራትም አለች። ምንም ያልደረሰባት፣ ምክንያቱ የማይታወቅም ሞልታለች። ስለዚህ «ምን ሆና ነው?» እያሉ የልጅቱን ያለፈ ሕይወት መበርበር ጥቅም የለውም።

ነገሩ አዲስም አይደለም፣ የእኛ ብቻም አይደለም። ቫጂኒስመስ የሚለውን ስም እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ መጀመሪያ ያወጣለት አሜሪካዊው ሐኪም ማሪዮን ሲምስ ነው፤ በፌስቱላ ቀዶ ሕክምና የሚታወቀው ማለት ነው። እሱ በቢላዋ ያክመው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 ማስተርስ እና ጆንሰን የተባሉት ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ባልና ሚስትን አንድ ላይ አስቀምጦ፣ ቀስ በቀስ በማለማመድ እንደሚድን በመጽሐፋቸው ጻፉ። ዛሬም የሕክምናው መሠረት ማለማመድ ነው። ቢላዋ እንደ ደንቡ አያስፈልግም።

ወደ ልጃችን እንመለስ። ባልየው ራሱ ነው «ይቅር በይኝ፣ እንታከም» ብሎ አዲስ አበባ ይዟት የመጣው። የማህፀን ሐኪሟ ሴት ነበረች። ቶሎ ብላ አልነካቻትም። መጀመሪያ ሰማቻት፣ ከዚያም «የምመረምርሽ ስትፈቅጂ ነው፤ በቃ ካልሽኝ አቆማለሁ» አለቻት። ኢንፌክሽን፣ ጠባሳ ወይም መግቢያውን የሚጋርድ ነገር አለመኖሩን በቀስታ አየች። መስታወት ይዛም የገዛ አካሏን አሳየቻት። «በ23 ዓመቴ ከራሴ ጋር ተዋወቅሁ» ብላ ስትነግረኝ ሁለታችንም ሳቅን።

ቀጥሎ የቤት ሥራ ተሰጣት። አንደኛ፣ ሽንት ሲመጣ ቋጥረን የምንይዝበትን ጡንቻ ማጥበቅና መልቀቅ፤ በተለይ መልቀቁን ከሆድ በሚወጣ ረጅም ትንፋሽ መልመድ። ሁለተኛ፣ በታጠበ እጅ፣ ከፋርማሲ በሚገዛ ማለስለሻ፣ በራሷ ትንሽ ጣት ጫፍ መጀመር። ሦስተኛ፣ ለዚሁ የተሠሩ፣ ከቀጭን ጀምረው ደረጃ በደረጃ የሚወፍሩ ለስላሳ ዘንጎች አሉ። ቀጭኑ ምንም ሳያስፈራት ሲቀር ወደሚቀጥለው ታልፋለች። የሚይዘው የሷ እጅ ነው፤ የምታቆመውም እሷ ናት። እስከዚያው ድረስ ባልና ሚስቱ ይተቃቀፉ፣ ይሳሳሙ፣ ይጫወቱ፤ ግንኙነት መሞከር ግን ክልክል ነው! «አይሞከርም» መባሉ ራሱ እንቅልፍ ሰጣት። ይህ ሁሉ ለማይበቃቸው ጡንቻውን የሚያላላ መርፌም አለ፤ እሱን ሐኪም ይወስናል።

ባለፈው ሳምንት «እንዴት ሆንሽ?» ብላት «ሦስተኛው ላይ ደርሻለሁ» አለችኝ። ገና ይቀራታል። አንዳንዱ በሳምንታት፣ አንዳንዱ በወራት ነው። አማትየው ግን በየሳምንቱ ስልክ ይደውላሉ፦ «ልጅስ?» ይላሉ። ባልየው «እማማ፣ እየታከምን ነው» ማለት ጀምሯል። «እየታከመች» አላለም፣ «እየታከምን» ነው ያለው! እኔን ደስ ያሰኘችኝ ይህቺ ቃል ናት።

እንግዲህ ምክሬ ይኸውላችሁ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ብዕር የያዝኩ ሰው ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ ስለዚህ ይህን አንብባችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። እህቴ፣ ጠበልሽን ተጠመቂ፣ ማንም አይከለክልሽም፤ ግን የማህፀን ሐኪምም ጋ ግቢ። ላስታ ያለሽው በላሊበላ ሆስፒታል ጀምረሽ ካስፈለገ ወደ ደሴ ሪፈር ይጻፍልሽ፤ አዲስ አበባ ያለሽው ጥቁር አንበሳ፣ ጳውሎስ፣ ጋንዲ አሉልሽ። «ግንኙነት ማድረግ አልችልም፣ ይዘጋብኛል» ብለሽ በግልጽ ተናገሪ። አንዱ ሐኪም ቢስቅብሽ ሌላው ጋ ሂጂ። መውለድ ከፈለግሽም ተስፋ አትቁረጪ፤ ካልፈለግሽ ደግሞ ተጠንቀቂ፣ ዘሩ ደጅ ላይ ቢፈስም አልፎ አልፎ ይረገዛል።

ወንድሜ፣ አልጠላችህም፣ ሌላም አልያዘችም። ስትሞክር እየከሸፈብህ አንተም ወደ ስንፈተ ወሲብ ልትገባ ትችላለህና አብረህ ታከም። ሚዜዎችም ከበር ዞር በሉ!

ፌስቱላም አንድ ጊዜ እንዲህ የሚደበቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 የተመሠረተው የሐምሊን ፌስቱላ ሆስፒታል ስንቷን ከጓዳ አወጣት። ይኸኛውም ከጓዳ ይውጣ። ለዛሬ በዚህ ይብቃኝ፤ የምትሉት ካለ ጻፉልኝ፣ ስማችሁን መጻፍ ግዴታ አይደለም።

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር እንሰንብት።